«መቼ ነው የሚያልቀው?»

በ2022 የጸደይ ወራት ላሴ ኮሊን የሚባል ፊንላንዳዊ ፕሮግራመር ከማያውቃቸው ሰዎች ወቀሳ ይደርሰው ጀመር። (እዚህ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጂጋር ኩማር ነኝ የሚል ሰው አንድ የማሻሻያ ኮድ ለምን እስካሁን እንዳልገባ ጠየቀ። እዚህ ቤት አንድ ማሻሻያ እስኪገባ ዓመታት ይፈጃል አለ፤ የመጨረሻው ትልቅ እትም ከወጣ ሰባት ዓመት እንዳለፈውም አስታወሰ። በሜይ ወር ዴኒስ ኤንስ የሚባል ሌላ ሰው መጣ። የእሱ አነጋገር ለስለስ ያለ ነው፤ ይህ ሥራ አሁንም ጠባቂ አለው ወይ ብሎ ብቻ ጠየቀ።

ኮሊን ጁን 8 መልስ ጻፈ። ፍላጎቴ አልጠፋም፣ ለቆየ ጊዜ ባስቸገረኝ የአእምሮ ጤና ችግርና በሌሎች ጉዳዮች የተነሣ ግን አቅሜ ውስን ነው አለ። በቅርቡ ጂያ ታን ከሚባል ሰው ጋር ትንሽ ትንሽ አብረን መሥራት ጀምረናል፤ ወደፊት ሰፋ ያለ ድርሻ ይኖረው ይሆናል ሲልም ጨመረ። ይህ ሥራ ክፍያ የሌለው የትርፍ ጊዜ ሥራ መሆኑን እንዳይረሱም አሳሰበ። ኩማር አልራራም። አዲስ ኃላፊ እስኪመጣ ድረስ ምንም ወደፊት የሚሄድ ነገር የለም የሚል ሰው ነበር፤ አሁንም አቋሙን አልለወጠም። ኤንስ በበኩሉ ስለ ሕመምህ አዝናለሁ፣ ሰው ግን የአቅሙን ልክ ማወቅ አለበት፤ ለምን ለሌላ ሰው አታስረክብም አለው።

ለመሆኑ ኮሊን ለእነዚህ ሰዎች የሸጠው ምን ነበር? ምንም። ኤክስዚ የሚባል ፋይል የሚያምቅ መሣሪያ በነፃ ሠርቶ በነፃ ይጠብቅ ነበር። ሁላችንም ዚፕ እንደምናደርገው ትልቁን ፋይል ያሳንሳል፣ ሲፈለግ መልሶ ይዘረጋል። ነገሩ እዚህ ግባ የማይባል ይመስላል፤ ነገር ግን ሊነክስ በሚባለው ሥርዓት ላይ የተሠሩ ኮምፒውተሮች ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን መሣሪያ ተሸክመው ይዞራሉ። ከኢንተርኔት ሰርቨሮች አብዛኞቹ ደግሞ የሚሠሩት በሊነክስ ነው። ባንክ ይሁን ሆስፒታል፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሁን የጨዋታ ድርጅት፣ በስልኩ ማዶ ባለው ሰርቨር ውስጥ የኮሊን ሥራ ተቀምጧል። ተጠቃሚው ስሙን ሰምቶ አያውቅም።

ክፍት ምንጭ የሚባለው የሶፍትዌር ባህል የቆመው እንዲህ ባሉ ሰዎች ትከሻ ላይ ነው። ኮዱ በአደባባይ ይቀመጣል፤ የፈለገ ያነባል፣ የፈለገ ይወስዳል፣ ስሕተት ያገኘ ማሻሻያ ይልካል። ማሻሻያውን አይቶ የሚያስገባው ወይም የሚመልሰው ሰው ባለአደራው ነው፤ በሙያው አነጋገር ሜንቴይነር። ባለአደራው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። ቅጥር የለውም፣ የሥራ ሰዓት የለውም፣ አለቃም የለውም። አለቃ ባይኖረውም ግን አዛዡ ብዙ ነው፤ ኮዱን በነፃ የወሰደ ሁሉ መቼ ነው የሚያልቀው ብሎ የመጠየቅ መብት ያለው ይመስለዋል።

ይህ የፈረንጅ ጠባይ ብቻ አይደለም። የቀን መቁጠሪያም ይሁን መዝገበ ቃላት፣ በአማርኛ የተሠሩ ነፃ የሞባይል መተግበሪያዎች ሥር የሚጻፉትን አስተያየቶች ያነበበ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። አንድ ኮከብ ይሰጣል፣ ሥራችሁ ምንድን ነው ተብሎ ይጻፋል፣ ምስጋናው ከአሥሩ በአንዱ ቢገኝ ነው። ከጀርባ ያለው አንድ ወጣት ከመደበኛ ሥራው በኋላ ሌሊት እየተቀመጠ የሚሠራ መሆኑ ለማንም አይታየውም።

ኩማርና ኤንስ ከዚያ በኋላ ደብዛቸው ጠፋ። ከሁለት ዓመት በኋላ ስማቸውን በመላው ኢንተርኔት የፈለጉ ሰዎች ከእነዚያ ጥቂት መልእክቶች በቀር አንዳች ዱካ አላገኙላቸውም። ሌላ ቦታ ኮድ አልጻፉም፣ ሌላ ቦታ አልተከራከሩም። ዛሬ ብዙዎቹ የደህንነት ባለሙያዎች ሁለቱም የተፈጠሩ ስሞች ናቸው፣ ሥራቸውም ኮሊንን ማድከም ብቻ ነበር ብለው ያምናሉ። መርካቶ ገዢ መስሎ ከጎን የሚቆም ሰው ያጋጠመው አንባቢ ዘዴው አይጠፋውም፤ አንዱ ዋጋ ያጣጥላል፣ ሌላው ይገፋፋል፣ ባለጉዳዩ ዝም ብሎ ፈገግ ይላል። እዚህ ታሪክ ውስጥ ፈገግ ያለው ጂያ ታን ነው።

ጂያ ታን የመጀመሪያ ማሻሻያውን ለኤክስዚ የላከው በኦክቶበር 2021 ነበር። ትንሽና ጉዳት የሌላት ነገር ናት። ከዚያ ሌላ ላከ፣ ከዚያም ሌላ። አይቆጣም፣ አይቸኩልም፣ የተባለውን ያስተካክላል። ለደከመ ባለአደራ ከዚህ የተሻለ እንግዳ የለም። ጁን 2022 ከመገባደዱ በፊት ኮሊን ራሱ ጂያ ታን በተግባር አብሮኝ ባለአደራ ሆኗል ብሎ ጻፈ። በማርች 2023 አንድ እትም በጂያ ታን እጅ ወጣ። በዚያው ዓመት ጉግል ነፃ ሶፍትዌሮችን ለስሕተት የሚፈትሽበት አገልግሎት ያገኘውን ስሕተት የሚያሳውቅበት አድራሻ ወደ እሱ ተዛወረ፤ በጁላይ ደግሞ አንድ የኮዱ ክፍል ከፍተሻው እንዲወጣ ጠየቀ፣ ተፈቀደለት። እስከዚህ ድረስ የሠራው ሥራ አብዛኛው እውነተኛ ሥራ ነው። ይህን ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ጥሩ ሠራተኛ ሆኖ መኖር ቀላል ማስመሰል አይደለም።

ወጥመዱ የተዘረጋው በፌብሩዋሪ 2024 ነው። ፋይል የሚያምቅ ፕሮግራም የሚፈተነው ሆን ተብለው በተበላሹ ፋይሎች ጭምር ነው፤ ብልሹ ፋይል ሲሰጠው መበላሸቱን ለይቶ መናገር አለበት። ስለዚህ ኤክስዚ ውስጥ ለሰው ዓይን ትርጉም የሌላቸው የሙከራ ፋይሎች ሞልተዋል። ማንም ከፍቶ አያያቸውም፣ ቢከፍታቸውም የሚነበብ ነገር የለባቸውም። ጂያ ታን አዳዲስ የሙከራ ፋይሎች ጨመረ፤ መርዙ፣ ማለትም የተደበቀው ተንኮለኛ ኮድ፣ ከእነሱ በሁለቱ ውስጥ ነበር። መርዙን ከፋይሎቹ የሚያወጣው ትእዛዝ ደግሞ ሁሉም በሚያየው የኮድ ማኅደር ውስጥ አልተቀመጠም። የተጨመረው አዲስ እትም ሲወጣ ለሊነክስ አከፋፋዮች በሚዘጋጀው እሽግ ውስጥ ብቻ ነው። ኮዱን በአደባባይ ሊመረምር የመጣ ሰው የሚያነበው ሌላ፣ ዴቢያንና ፌዶራ ወስደው የሚሠሩበት ሌላ ሆነ።

ከዚያ መርዙ ወደ ዋናው በር ይሻገራል። የሰርቨር ባለሙያዎች ከሩቅ ሆነው ወደ ማሽናቸው የሚገቡት ኤስኤስኤች በሚባል ፕሮግራም ነው። ኤስኤስኤች ራሱ ከኤክስዚ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። ነገር ግን ዴቢያንና ፌዶራን የመሳሰሉ አከፋፋዮች ኤስኤስኤች ሥራ መጀመሩን ለሲስተምዲ፣ ማለትም በማሽኑ ላይ ያሉትን አገልግሎቶች ለሚያስተዳድረው ሥርዓት፣ እንዲያስታውቅ ብለው ትንሽ ጨምረውበታል። ያ ጭማሪ አንድ የኮድ ቤተ መጻሕፍት ይጠራል፣ ቤተ መጻሕፍቱም ኤክስዚን ይጠራል። በዚህ ሰንሰለት የኮሊን መጭመቂያ በዋናው በር ዘብ ጭንቅላት ውስጥ ተገኘ። መርዙ የሚገባውን ሰው ማንነት የሚያረጋግጠውን አንድ ተግባር በራሱ ይተካል። ከዚያ በኋላ ልዩ የምሥጢር ቁልፍ የያዘ ሰው ያለ ይለፍ ቃል በማሽኑ ላይ የፈለገውን ትእዛዝ ማስፈጸም ይችላል። ቁልፉ ያለው በሠሪው እጅ ብቻ ነው፤ ሌላ ሌባ በሩን ቢያገኘውም አይከፈትለትም።

ከሁሉ የከነከነችኝ ግን አንዲት ነጥብ ናት። ሊነክስ ላይ አንድ ፕሮግራም ከተፈቀደለት ውጭ እንዳይነካ የሚያጥር ላንድሎክ የሚባል የደህንነት ሥርዓት አለ። ኤክስዚ ሲገነባ ይህ አጥር በማሽኑ ላይ መኖር አለመኖሩን የሚፈትሽ አጭር ኮድ ነበረ። ጂያ ታን እዚያ መሐል አንድ የፈረንጅ አራት ነጥብ፣ ማለትም አንዲት ነጠላ ነጥብ፣ አስገባ። በነጥቧ ምክንያት ፍተሻው ሁልጊዜ ይወድቃል፤ ፍተሻው ሲወድቅ ማሽኑ ላንድሎክ የለውም ተብሎ ይታለፋል፣ አጥሩም ሳይሠራ ይቀራል። ነጥቧን ያገኛት ነገሩ ሁሉ ከተጋለጠ በኋላ የገዛ ኮዱን መስመር በመስመር ሲያበጥር የከረመው ኮሊን ነው።

መርዙ ያለባቸው እትሞች ሁለት ናቸው፣ 5.6.0 እና 5.6.1። እንደወጡ አዲስ ግፊት ተጀመረ። ሃንስ ያንሰን የሚባል ስም ዴቢያን አዲሱን እትም ቶሎ እንዲያስገባ ጠየቀ። ጂያ ታን ራሱ ማርች 28 ለሌላው የሊነክስ አከፋፋይ ለኡቡንቱ ተመሳሳይ ጥያቄ አቀረበ። ማግስቱ የምዕራባውያን ስቅለት ዓርብ ነበር፤ በእኛ መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም።

በዚያን ዕለት አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ጀርመናዊ ፕሮግራመር ለዓለም የጻፈው ማስጠንቀቂያ ወጣ። ፍሮይንድ ሳን ፍራንሲስኮ ተቀምጦ ለማይክሮሶፍት የሚሠራ፣ ፖስትግሬስ የሚባለውን የዳታቤዝ ሶፍትዌር ከሚያሳድጉት አንዱ ነው። የደህንነት ባለሙያ አይደለም። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ወላጆቹን ጠይቆ ከጀርመን ሲመለስ በአንድ የፍተሻ ውጤት ላይ የማያውቃቸውን የስሕተት መልእክቶች አይቶ ነበር፤ የጉዞ ድካም ስለነበረበት በልቡ ይዞ አለፋቸው። በኋላ የዳታቤዙን ፍጥነት ሲለካ ማሽኑ ዝም እንዲልለት ፈለገ፤ ልኬት ሲኖር ሌላ ሥራ ማሽኑን ማወክ የለበትምና። ኤስኤስኤች ግን ፕሮሰሰሩን ያለ ልክ ይበላል። ይባስ ብሎ ይህ የሚሆነው የተሳሳተ ስም ሰጥተው ወዲያው በሚባረሩ የመግቢያ ሙከራዎች ላይ ነው። ለካው። 0.3 ሰከንድ ገደማ ይፈጅ የነበረው 0.8 ሆኗል።

ግማሽ ሰከንድ። ብዙዎቻችን ሻይ እየጠጣን የምናልፋት ጊዜ ናት። ፍሮይንድ አላለፋትም። የበላውን ጊዜ ወደ ኋላ ሲከተል ኤክስዚ ላይ ደረሰ፣ ያን የተረሳ የስሕተት መልእክትም አስታወሰ። መጀመሪያ የዴቢያን እሽግ ብቻ የተነካ መስሎት ነበር፤ ኋላ ግን ከምንጩ እንደሆነ አየ። የአደጋው መጠን ከ10 ነጥብ 10 ተሰጠው። አከፋፋዮቹ በዓላቸውን ትተው ወደ ቀድሞው እትም ተመለሱ። መርዙ የደረሰው በዋናነት ለሙከራ በሚወጡት ወይም ያለማቋረጥ በሚታደሱት የፌዶራ፣ የዴቢያንና የኦፕንሱዜ ስርጭቶች ውስጥ ነበር፤ ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች የሚጠቀሙባቸው የረጉ እትሞች አልተነኩም። ጥቂት ወራት ቢያልፉ ኖሮ ግን ወደ እነሱም መሻገሩ አይቀርም ነበር።

በቀጣዮቹ ቀናት የሶፍትዌር ሰዎች በየፊናቸው ፈረዱ። ሲስተምዲን ከድሮ የሚጠሉ፣ ይኸው፣ ነገሩን ሁሉ የሚያቆላልፈው እሱ ነው አሉ። ሌሎች የማይነበብ ነገር የሚደበቅባቸውን የአሮጌውን ዘመን የግንባታ ስክሪፕቶች ረገሙ። ሁለቱም ጥቂት እውነት አላቸው፤ ሁለቱም በመጋቢትም በነሐሴም የሚሉትን ነው የደገሙት። ትልቁ ጠብ ግን በክፍት ምንጭ ላይ ነበር። አንዱ ወገን ኮዱ ክፍት ባይሆን ፍሮይንድ ምን ቆፍሮ ያገኝ ነበር ይላል። ሌላው ወገን ሺህ ዓይን ያየዋል ተብሎ የተወራለትን ኮድ ያየው አንድ ሰው ነው፣ እሱም በአጋጣሚ ነው ይላል። እኔ የሁለተኛው ክርክር ይከብደኛል። አጋጣሚ የሚለው ቃል ግን ለፍሮይንድ አይመጥንም። ሌላ ሰው ቢሆን ማሽኑን አጥፍቶ ያበራው ነበር።

ከዚያ ሁሉም ወደ ገንዘብ መጣ። ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። በኤፕሪል 2014 ኸርትብሊድ የሚባለው ቀዳዳ ሲገኝ፣ የኢንተርኔትን ምሥጢር የሚጠብቀው ኦፕንኤስኤስኤል በዓመት የሚያገኘው ልገሳ 2,000 ዶላር ገደማ እንደነበር ዓለም ሰምቶ ደነገጠ። ጉግል፣ ማይክሮሶፍት፣ አማዞንና ሌሎችም ተሰብስበው ለእንዲህ ያሉ ሥራዎች ፈንድ አቋቋሙ። ድንጋጤው በረደ፣ ኤክስዚ ግን በአንድ ሰው እጅ እንዳለ ቀጠለ። በ2024 የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ክፍት ምንጭ ባይኖር ድርጅቶች ያንኑ ሶፍትዌር ለማግኘት 8.8 ትሪሊዮን ዶላር ባወጡ ነበር። ከዚያ ላይ ለኮሊን የደረሰው ስንት እንደሆነ ራሱ ነግሮናል፤ ክፍያ የሌለው የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው ብሎ። እዚህ ታሪክ ውስጥ ለኤክስዚ ሥራ ደመወዝ ሲከፈለው የኖረ ሰው ካለ፣ ምናልባት ጂያ ታን ብቻ ነው።

ማን እንደሆነ እስካሁን በይፋ አልታወቀም። ብዙዎች እንዲህ ያለ ትዕግሥት የአንድ መንግሥት እጅ ያለበት ነው ብለው ይገምታሉ። አብዛኛው ኮዱ ላይ የታተመው የሰዓት ቀጠና የምሥራቅ እስያን ይናገራል፤ ኮምፒውተር ላይ የሰዓት ቀጠና ግን በአንድ ጠቅታ የሚቀየር ነገር ነው።

ገንዘብ ይከፈል የሚለውን አልቃወምም፤ ይከፈል። ግን ኮሊን የተሸነፈበትን ቀን መልሼ ሳነብ ገንዘብ ብቻውን የሚሞላው ጉድለት አይታየኝም። ጂያ ታን የሰበረው ምንም ቁልፍ የለም፤ የተከፈተለት የሰው ጠባይ ነው። የኩማርና የኤንስ መልእክቶች ለዓመታት በአደባባይ ተቀምጠው ማንም አልጠረጠራቸውም። ለምን ይጠርጥር? ወቀሳው እንግዳ አልነበረም። እውነተኛ ሰዎች በየቀኑ ለእውነተኛ ባለአደራዎች የሚጽፉት ነገር ነው። ሰላዮቹ፣ ሰላዮች ከሆኑ፣ አዲስ መሣሪያ መሥራት አላስፈለጋቸውም፤ የቤቱን ቋንቋ ብቻ ተማሩ። ኤንስ ስለ ሕመምህ አዝናለሁ ብሎ ጀምሮ አስረክብ ብሎ ሲጨርስ፣ በዚያ ክር ውስጥ የነበረ አንድ ሰው ተነሥቶ፣ ኧረ ተው፣ ሰውየው በነፃ ነው የሚሠራልህ ቢለው ኖሮ ነገሩ ምን ይሆን ነበር? አንድም ሰው አላለም።

ማስጠንቀቂያው ከወጣ ከአራት ቀን በኋላ፣ ገና አቧራው ሳይረግፍ፣ ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው የቪዲዮና የድምፅ መሣሪያ ባለአደራዎች አንድ ቅሬታ በአደባባይ አወጡ። ዩቲዩብን ጨምሮ ቪዲዮ የሚያጫውት ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ ነፃ ሥራ ላይ የተደገፈ ነው። የማይክሮሶፍት ቲምስ ሠራተኞች ጉዳያችን አስቸኳይ ነው ብለው በፈቃደኞች የስሕተት መዝገብ ላይ ጥያቄ ጻፉ፤ የድጋፍ ውል እንፈራረም ስንላቸው ለአንድ ጊዜ የሚከፈል ጥቂት ሺህ ዶላር አቀረቡልን አሉ። ከኤክስዚ ጋር ያያያዙትም ራሳቸው ናቸው።

ሌሎችም ማስታወስ ጀመሩ። ኤፍድሮይድ የሚባለው የነፃ መተግበሪያዎች መደብር ሠሪዎች በ2020 የደረሰባቸውን ተረኩ። አንድ አዲስ ሰው ፍለጋውን የሚያሻሽል ኮድ ላከ፤ ሌሎች የማይታወቁ ሰዎች ቶሎ ይግባ እያሉ ይገፉ ጀመር። ኮዱ ሲመረመር ቀዳዳ ተገኘበት። ላኪው መለያውን አጥፍቶ ሄደ። ሆን ተብሎ የተደረገ ይሁን አይሁን እነሱም በእርግጠኝነት አይናገሩም።

በ2024 ኤፕሪል 15 ደግሞ የጃቫስክሪፕት ሥራዎችን የሚያስተባብረው ኦፕንጄኤስ ፋውንዴሽን የክፍት ምንጭ ሶፍትዌርን ደህንነት ከሚከታተለው ኦፕንኤስኤስኤፍ ጋር ሆኖ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ስማቸው የተለያየ፣ ይዘታቸው የሚመሳሰል ኢሜይሎች ደርሰውታል። አንድ ታዋቂ ሥራ ከባድ ቀዳዳ ስላለበት በአስቸኳይ ይታደስ ይላሉ፤ ቀዳዳው የት እንደሆነ ግን አይናገሩም። ላኪዎቹ ከዚያ በፊት ብዙም ያልሠሩበትን ቤት ባለአደራ አድርጉን ብለውም ጠየቁ። አልተፈቀደላቸውም። ድርጅቶቹ ባለአደራዎች እንዲጠነቀቁ የአደጋ ምልክቶች ዘረዘሩ፤ ወዳጅ መስሎ ግን አጥብቆ የሚወተውት ሰው፣ ከማይታወቁ ሰዎች የሚመጣ ድጋፍ፣ የውሸት ጥድፊያ።

ዝርዝሩን ለዓመታት ነፃ ሶፍትዌር ሲጠብቅ ለኖረ ሰው ብታሳዩት ችግሩን ወዲያው ይነግራችኋል። እዚያ ላይ ካለው አብዛኛው የተራ ሰኞ ጠዋት የመልእክት ሳጥኑን ይመስላል፤ ከላኪዎቹ ውስጥ ሰላዩ የትኛው፣ ትዕግሥት ያጣው ተጠቃሚ የትኛው እንደሆነ ግን ዝርዝሩ አይነግረውም።